እኩል ጫንቃ

ጥሩምባው ሦስት ጊዜ አጠር አጠር ብሎ ሲነፋ የትናየት በእጇ የያዘችውን የድንች ዘር ቦዩ ውስጥ ሳትጥል ቀጥ ብላ ቆመች። አባቷ አለበልም በሬዎቹን አቆመ። ጥሩምባው ረዘም ብሎ ቢነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ ሦስት አጭር ግን የቃሬዛ ጥሪ ነው። የታመመ ሰው አለ፤ ከገደሉ አናት ላይ እስካለው የመኪና መንገድ ድረስ በትከሻ መውጣት አለበት። በዝግባ ውኃ መንደር ይህን የሰማ ከየቤቱ አንድ ወንድ የያዘውን ሥራ ጥሎ ይሄዳል።

ድምፁ የመጣው ከታች፣ ከሰውአገኝ ቤት በኩል ነበር።

የትናየት አባቷ ቀንበሩን እስኪፈታ ጠበቀች። አለበል ከቃሬዛ ቀርቶ አያውቅም። የገዛ ልጁ ክርስትና ዕለት እንኳ እንግዶቹን በየመደባቸው ጥሎ ሮጧል ይባላል፤ ክርስትናው የእሷው ስለነበር ይህን ታሪክ ሲያወሩ እየሰማች ነው ያደገችው። ዛሬ ግን ላቡን በእጁ ጠረገ፣ ቁልቁል አየ፣ ከዚያ እርፉን መልሶ ጨበጠ።

«ዘሩን ጣይ እንጂ» አላት።

ነገሩ የምርጫው ነው። ፓርቲው ብዙ ቢሆንም የዝግባ ውኃ ሰው ልቡን የሰጠው ለሁለቱ ነበር፤ አንደኛው ምልክቱ ቁልፍ ነው፣ ሌላኛው ጃንጥላ። መጀመሪያ ላይ ጨዋታ ነበር። «ዝናብ ሲመጣ ቁልፍህን ከራስህ በላይ ትይዛለህ?» ይላል አንዱ፤ «አንተስ ሌባ ሲመጣ በርህን በጃንጥላ ትቆልፋለህ?» ይለዋል ሌላው፤ ሁለቱም እየሳቁ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ምርጫው አልፎ የውጤቱ ወረቀት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲለጠፍ ግን ሳቁ ቆመ። ቁልፍ በሠላሳ አንድ ድምፅ በልጧል። የጃንጥላ ታዛቢ የነበረው አለበል አንዱ እስር ወረቀት ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል ብሎ አልፈርምም አለ። የቁልፍ ታዛቢ የነበረው ሰውአገኝ በሰው ፊት ውሸታም አለው። አለበልም ሌባ ብሎ መለሰለት።

በማግስቱ እሑድ ሰውአገኝ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ቆሞ ማለ። «ከአለበል ጋር በአንድ እንጨት ሥር ብገኝ ጊዮርጊስ ይፍረድብኝ» አለ። ለሌላ አገር ሰው ይህ መሐላ ምንም ላይመስለው ይችላል። ለዝግባ ውኃ ሰው ግን ከባድ ነው። ቃሬዛ የሚሸከሙ ሰዎች በቁመት ነው የሚጣመሩት፤ አንዱ ከሌላው ካጠረ አልጋው ያዘነብላል። በመንደሩ ውስጥ አለበልን በቁመት የሚተካከለው ሰውአገኝ ብቻ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሁለቱ ከኋላ በኩል፣ ከታችኛው ጫፍ ሥር፣ ጎን ለጎን ሆነው ያልተሸከሙት ሕመምተኛ የለም።

የልጆቹም ነገር ከአባቶቹ አልተሻለም። የትናየትና የሰውአገኝ ልጅ ምስጢር አምባ ጊዮርጊስ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው አሥረኛ ክፍል ይማሩ ነበር። ውጤቱ ከተለጠፈ በኋላ ባለው ሰኞ በክፍል ተማሪዎች ፊት አንዷ «የሌባ ልጅ» ስትል ሌላዋ «የውሸታም ልጅ» አለች፤ ማን እንደ ጀመረ እስከ ዛሬ አልተጣራም። የዚያኑ ዕለት ምስጢር ልብሷንና ስንቋን ጠቅልላ ሌሎች ልጆች ዘንድ ገባች። ቴሌግራም ላይም ብሎክ አደረገቻት። ሁለት ሳምንት ሆናቸው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ የትናየት ቅዳሜ ወደ ቤቷ ስትመጣ ያን ቤት ላለማየት በወንዙ ዳር ዞራ ነው የምታልፈው።

«አባ፣ የታመመችው ጥሩ ብትሆንስ?» አለችው አሁን።

ጥሩ የምስጢር ታላቅ እህት ናት። ያገባችው ሳንጃ ከተማ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇን እንደ ወጉ እናቷ ቤት ልትወልድ ከመጣች ወር ሆኗታል። የትናየትን ፊደል ያስቆጠረቻት እሷ ነበረች።

አለበል በሬዎቹን አላንቀሳቀሰም። «ሰው አይጠፋም» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ምክንያቱን ነገራት። እሱ ከሄደ ሰውአገኝ መሐላውን ጠብቆ ከእንጨቱ ይወጣል፤ ሰውአገኝን የሚያህል ትከሻ ከሚቀር ደግሞ የእሱ ቢቀር ይሻላል። መልሱ ልክ ይመስል ነበር። ልክ መምሰሉ ነው የትናየትን ይበልጥ ያናደዳት።

የዘሩን ቅርጫት መሬት ላይ አስቀመጠች። «እንግዲያው እኔ እሄዳለሁ» አለች። «ከቤታችን ሰው መቅረት የለበትም።»

አባቷ አልከለከላትም፤ ሂጂም አላላትም። መሬት መሬቱን እያየ እርፉን እንደያዘ ቀረ። እሷም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ቁልቁል ሮጠች።

ስትደርስ ጥሩን አስተኝተው ጨርሰዋል። ምጥ የያዛት ትናንት ከቀትር በፊት ነው። ልጁ አልወርድ ብሏል። ስልክ ወደሚሠራበት አፋፍ ሰው ተልኮ አምቡላንስ ተጠርቷል፤ ግን የሰኔ ዝናብ የጥርጊያውን መንገድ ቆርጦታልና ከአፋፉ አልፎ መውረድ አይችልም። ጥሩ ፊቷ ገርጥቶ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ በጠፍር በተሠራው ቃሬዛ ላይ በጋቢ ተጠቅልላ ዓይኗን ጨፍናለች። እናቷ አየለች እጇን ይዛታለች። ምስጢር የልብስ ቋጠሮ ተሸክማ ከጎናቸው ቆማለች፤ የትናየትን አየቻትና ፊቷን አዞረች።

የቃሬዛው ማኅበር ሹም አያ ኃይለ ጊዮርጊስ ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን ረጅም የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ሰዉን እያዩ አጣመሩ፤ ሽቅብ ስለሚወጣ አጫጭሮቹን ከፊት፣ ረጃጅሞቹን ከኋላ አደረጉ። ሰውአገኝ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። ከጎኑ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ሁሉም ሰው ያንን ባዶ ቦታ ያየዋል፤ የማን እንደሆነም ያውቃል፤ ስሙን ግን ማንም አልጠራም። በመጨረሻ ሙሉቀን የሚባለውን ጎረምሳ አቆሙት። ከሰውአገኝ አንድ ስንዝር ያጥራል፤ ስለዚህ ትከሻው ላይ ጋቢ አጥፈው ደረቡለት።

«ከእንጨቱ ሥር የመንገድ ወሬ እንጂ ሌላ ወሬ የለም» አሉ አያ ኃይለ ጊዮርጊስ፤ ሁልጊዜ ከመነሣታቸው በፊት የሚሉት ነው። «በሉ፣ በስመ አብ።»

ወጡ። የትናየት ከሴቶቹ ጋር ውኃ ይዛ ከኋላ ተከተለች። ብዙ ጊዜ ቃሬዛ ሲያልፍ አይታለች፤ እንዲህ በቅርብ ግን አይታ አታውቅም። አሥራ ስድስት ሰው እንደ አንድ ሰው ይተነፍሳል። አራቱ ተሸክመው ሌሎቹ ከጎን ይሄዳሉ፤ አንዱ ሲደክመው ሳይቆም፣ ሳይናገር፣ ሌላው ከሥሩ ገብቶ ይቀበለዋል። ቁልፉም ጃንጥላውም እዚያው አለ፤ ባለፈው ሳምንት ምንጭ ላይ ሊደባደቡ የነበሩ ሁለት ሰዎች አሁን አንዱ የሌላውን ክርን ደግፎ ጭቃውን ያሻግረዋል። የትናየት ይህን ስታይ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ከፍ ሲል ተሰማት። ሰው እንዲህ መሆን ይችላል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ችግሩ የመጣው ጉሮሮ ላይ ነው። ጉሮሮ የሚሉት ዳገቱ በሁለት ድንጋይ መካከል የሚጠብበትን ደረጃ መሰል መውጫ ነው፤ በአንድ በኩል አለት፣ በሌላ በኩል ገደል። እዚያ አራት ተሸካሚ ብቻ ነው የሚያልፈው፤ ከጎን ሆኖ የሚደግፍ የለም። ሰውአገኝ የሚለውጠው አጥቶ ከቤቱ ጀምሮ እንደተሸከመ ነው። ሦስተኛው ደረጃ ላይ የሙሉቀን ጋቢ ከትከሻው ሸርተት አለ። ቃሬዛው ወደ ገደሉ አዘነበለ። ጥሩ ጮኸች፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ድምፅ አልነበራትም። ሙሉቀን እንጨቱን አልለቀቀም፤ ጉልበቱ ግን ከድንጋዩ ጋር ተጋጨ። ሌሎቹ ከፊትና ከኋላ ዘለው ጠፍሩን ያዙ።

ቆሙ። ከበላይ ነጎድጓድ ይሰማል። ሙሉቀን ጉልበቱ ደምቶ መቆም አልቻለም፤ የቀሩትን አያ ኃይለ ጊዮርጊስ አንድ በአንድ በዓይናቸው ለኩ፤ ሁሉም ያጥራሉ። ሰውአገኝ እንጨቱን በትከሻው እንደያዘ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገትሯል። ልጁ ከላይ ታቃስታለች፤ እሱ ዞሮ ሊያያት እንኳ አይችልም።

የትናየት በትምህርት ቤት ቁመቷ ሲያስቀልድባት የኖረ ልጅ ናት። «አየሩ እዚያ ላይ እንዴት ነው?» ይሏታል ልጆቹ። ልክ አባቷን ናት፤ አሁን ትከሻ ለትከሻ ይገጥማሉ። የውኃውን ጀሪካን አስቀምጣ በሰዎቹ መካከል አለፈችና ከሙሉቀን ቦታ ቆመች።

አያ ኃይለ ጊዮርጊስ አዩዋት። ሴት ልጅ ቃሬዛ ስትሸከም አይተው እንደማያውቁ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ አየለች ቀደመቻቸው።

«ቁመቷ ልክ ነው። ምን ይጠብቃሉ?»

እንጨቱ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ የትናየት እስትንፋሷ ተቆረጠ። እንዲህ ይከብዳል ብላ አላሰበችም። ክብደቱ ግን የእንጨት ክብደት አልነበረም፤ ጥሩ ስትተነፍስ ይሰማታል፤ ምጡ ሲመጣ እንጨቱ ራሱ ይንቀጠቀጣል። የሁለት ሰው ነፍስ እዚህ አጥንቴ ላይ ነው አለች በልቧ። አንድ ደረጃ ወጡ። ሁለት። ከጎኗ ሰውአገኝ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይጸልያል። ሌባ ብላ የሰደበችውን ሰው እንዲህ ቀርባው አታውቅም፤ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ሰማችው። ስድስት ደረጃ። ሰባት። ዓይኗ ብዥ ማለት ጀመረ።

በዚያን ጊዜ ከኋላዋ አንድ እጅ መጥቶ እንጨቱን ያዘ። ጭቃ የለበሰ፣ ትልቅ፣ የምታውቀው እጅ ነው።

«ልቀቂ» አላት አባቷ።

ጎንበስ ብላ ወጣች፤ እሱ ከሥሩ ገባ። ከእሷ ድካም የመጣችው ትንሽ ዝንባሌ ተስተካከለችና ቃሬዛው ቀጥ አለ። ሰውአገኝ አልዞረም፤ መዞርም አላስፈለገውም። ሃያ ዓመት ሙሉ ከጎኑ የቆመን ትከሻ ሰው ሳያየውም ያውቀዋል። እግሩን ለቀጣዩ ደረጃ አንሥቶ ነበር፤ እግሩ በአየር ላይ ቀረ።

መሐላውን ያልሰማ የለም። አንዱ ቃል ቢወጣው፣ አንዱ «ያልኩትን ረሳኸው?» ቢል፣ እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ምን እንደሚሆን የትናየት ማሰብ አልፈለገችም። የሚሰማው የጥሩ ማቃሰት ብቻ ነበር።

ሰውአገኝ እግሩን አሳረፈ። «ድንጋይ አለ» አለ፤ ድምፁ ሻክሯል። «በአንተ በኩል።»

«አየሁት» አለ አለበል።

«ይንከባለላል።»

«በግራው እረግጣለሁ።»

ወሬያቸው እስከ አፋፉ ድረስ ድንጋይ፣ ጭቃ፣ ቀስ፣ እሺ ብቻ። ማንም ሊቀይራቸው አልሞከረም። የትናየት ከኋላቸው እየወጣች እኩል የሚነሡትን አራት እግሮች ታያለች። ዕንባዋ ለምን እንደመጣ አላወቀችም፤ አላፈረችበትምም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ታቦት ሲወጣ የሚሰማት ዓይነት ነገር ነበር የተሰማት።

አፋፉ ላይ ሲደርሱ ዳመናው ተገልጦ እስከ ሩቅ ያለው ተራራ ሁሉ አንድ ላይ ታየ። አምቡላንሱ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል። ነርሷ የጥሩ ሆድ ላይ መስሚያዋን አድርጋ ጎንበስ አለች። ኮፍያ ያደረጉት ኮፍያቸውን አወለቁ። ነርሷ ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠች።

«ልቡ ይመታል» አለች። «ደርሳችኋል፤ ቶሎ አስገቧት።»

ጥሩና አየለች ገቡ፤ በሩም ተዘጋ። ለሌላ ሰው ቦታ አልነበረም። አምቡላንሱ ወደ ጎንደር ሲነዳ ሰውአገኝ መንገዱ መካከል ቆሞ እስኪሰወር ድረስ አየው። ከዚያ ዞሮ አለበል ከተቀመጠበት ድንጋይ አጠገብ ተቀመጠ፤ ጠጋ ብሎ አይደለም፤ ሰው ሊያልፍ በሚችልበት ርቀት።

«ምዬ ነበር እኮ» አለ።

«እኔ አልማልኩም» አለ አለበል። «ንስሐህን ትገባለህ።»

ሰውአገኝ ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። አለበል ጫማውን አውልቆ ጭቃውን በእንጨት እየፋቀ፣ አቤቱታውን እንደማይተወው፣ ማክሰኞ ወረቀቱን ይዞ ወደ ወረዳ እንደሚሄድ ነገረው። ድምፁ ውስጥ ዛቻ አልነበረም፤ ስለ ገበያ ቀን የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

«ሂድ» አለ ሰውአገኝ። «እኔም ያየሁትን እመሰክራለሁ። በትክክል ነው የተቆጠረው።»

«መስክር። ውሸታም ግን አትበለኝ።»

«አንተም ሌባ አትበለኝ።»

አለበል ራሱን ነቀነቀ። አያ ኃይለ ጊዮርጊስ ይህን ሁሉ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው የቃሬዛውን ጠፍር ያጠብቃሉ።

መንደሩ ኔትወርክ ስለሌለው ወሬው ሳይመጣ ማንም ወደ ታች አይወርድም፤ ይህም የቃሬዛ ሕግ ነው። የትናየት አባቷ አጠገብ ሄዳ ቁጢጥ አለች። ለምን ሐሳቡን እንደቀየረ ጠየቀችው። «የቤቴን እንጨት በልጄ ጫንቃ ላይ ጥዬ ድንች ልትከል?» አላት፤ ትከሻዋንም ዳሰሰው፤ አብጦ ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ የምስጢር ስልክ ጮኸ። ምስጢር እናቷን አዳመጠችና ለሁሉም ጮክ ብላ ነገረች። ሴት ልጅ። እናትየውም ደኅና ናት፤ ደም ይሰጧታል። ወንዶቹ እልል አላሉም፤ ተነሥተው ቆሙ፤ ሰውአገኝ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ከጎኑ ያለው አለበል ወደ ሌላ በኩል አየ፤ ሰው ሲያለቅስ አይታይምና።

ባዶውን ቃሬዛ ሁለቱን እንጨት አጋጥመው መልሰው የሚያወርዱት ወጣቶቹ ናቸው። ሙሉቀን ጉልበቱ አብጦ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ምስጢር ቀድማ አንዱን ጫፍ አነሣች፤ የቤተሰቧ ነገር ስለሆነ ይመስላል። ሌላውን ጫፍ ማን ይይዝ እንደሆነ ወንዶቹ ልጆች እርስ በርስ ሲተያዩ የትናየት ሄዳ ያዘችው። ቁልቁለት ስለሆነ ረጅሟ ከፊት ትሆናለች። ጀርባዋን ለምስጢር ሰጥታ መሄዷ ደስ አላት፤ ፊት ለፊት መተያየት ይከብድ ነበር።

ጉሮሮን አለፉ። ጭቃውን አለፉ። ሌሎቹ ቀድመዋቸው ሄዱ።

«አባቴ ሌባ አይደለም» አለች ምስጢር ከኋላ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ቢሆን የትናየት መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። አሁን ጥርሱ ሲንገጫገጭ የሰማችው ሰው ታሰባት። የገዛ አባቷም ታሰባት፤ በሕይወቷ አንድ ቀን እንኳ ዋሽቷት አያውቅም።

«አባቴም ውሸታም አይደለም» አለች።

«ታዲያ የቱ ነው ልኩ?» አለች ምስጢር።

«አላውቅም። ቆጠራው ላይ አልነበርኩም።»

«እኔም አልነበርኩም።» ቀጥላም፣ «በናትሽ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዴም ደኅና እንቅልፍ አልተኛሁም። ልጆቹ ሲያንኮራፉ!» አለች።

የትናየት ሳቋ አመለጣት፤ ቃሬዛው ተነቃነቀ። ሰኞ የሒሳብ ፈተና አለ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ከተማ ይወጣል፤ ክፍሉ ውስጥ የምስጢር ቦታ እንዳለ ነው፤ የትናየት እዚያ ላይ ደብተር እንኳ አላስቀመጠችበትም። ይህን ሁሉ ልትነግራት አሰበችና ከየት እንደምትጀምር ጠፋት።

«ነገ ስትወጪ በኛ በኩል ትመጫለሽ ወይስ በወንዙ?» አለች ምስጢር።

የሰውአገኝ ቤት ከታች መታየት ጀምሯል። በሩ ክፍት ነው፤ ሰዎች ደጁ ላይ ተሰብስበዋል፤ ቁልፍም ጃንጥላም።

«በናንተ በኩል» አለች የትናየት፤ እንጨቱንም ካበጠው ትከሻዋ ወደ ሌላኛው አዛወረችው።